ነጭ ድንጋይ

አባቴ ቤልሚሮ በሊዝበን መንገድ ላይ
አርባ ዓመት ተንበረከከ፤ ለጸሎት አልነበረም፣ ለድንጋይ።
ነጩን ኖራ ድንጋይ በግራ መዳፉ፣ መዶሻ በቀኙ ይዞ
አንዴ ቶክ ያደርገዋል፤ ድንጋዩም ይከፈላል ታዞ።
ጥቁሩን ከነጩ ጎን ማዕበል እያስመሰለ፣
"አሸዋው ይይዘዋል፣ ሲሚንቶ ምን ያደርጋል" እያለ።

ዛሬ ጣቶቹ ወደ ትንሿ ጣት አዘምመዋል፣
ነፋስ እንደገፋው ሸምበቆ ሁሉም ባንድ ጎን ተኝተዋል።
ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እናቴ ናት የምትቆልፍለት፣
እኔ ነኝ ከሐኪሙ የመጣውን ወረቀት የማነብለት።
የአጥንት ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ እውላለሁ፣
የሰዉን ሁሉ ውስጥ፣ ግራጫ በግራጫ፣ አያለሁ።
እሱም ይጠይቀኛል፦ "ማን ነው የሚሸረሽረኝ?
ድንጋይ መስሎኝ ነበር አጥንቴ፤ ከስኳር ነው እንዴ የሠሩኝ?"

እንዲህ አልኩት።

አጥንት ድንጋይ አይደለም አባዬ፤ መንገድ ነው፣ ሁልጊዜ የሚታደስ፣
እዚህ ጥግ ሲነቀል እዚያ ጥግ የሚለበስ።
አፍራሾች ይመጣሉ፣ አሲድ በአፋቸው ቋጥረው፤
የደከመውን አሟምተው፣ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው
ይሄዳሉ። ከኋላቸው ግንበኞች ይገባሉ፣
ሦስት ወር አራት ወር፣ ቀስ ብለው ይሞላሉ።
አፍራሾቹስ ማን ናቸው? እዚህ ጋ ነው ነገሩ፤
ከዘበኞቹ ጋር ባንድ መቅኔ ውስጥ ነው ያደሩ።
የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጦር ይዞ ወጣ፣
አንዱ ዶማ አነሳና ወደ አጥንት መጣ።
ዘበኛ ሲጮህ ወንድሙ ይሰማል፤ ደም ደሙን ይጣራል፤
ጉንፋን ሲሆን ጩኸቱ ያልፋል፣ ቁስል ሲሆን ይሽራል።
ያንተ ዘበኛ ግን፣ የገዛ ጥላውን ሌባ ብሎ
በጣትህ መጋጠሚያ ደጅ ያድራል፣ ጡሩምባውን ሰቅሎ፤
ሲነፋ አፍራሹ ይበዛል፣ ይነቅላል ሳያጣራ፣
ግንበኛው አሸዋ ሳያፍስ ያልፈዋል ተራ።
የመጀመሪያው ክኒን ዘበኛውን አስተኛልህ፤
ግንበኛውንም አብሮ አስተኛው፤ ይሄን ማንም አልነገረህ።

ዝም አለ። ከመስኮቱ ማዶ ትራም አቃሰተ።
የእናቴ የዴዎሊንዳ ቢላ ድንቹ ላይ ተጎተተ።

እሷም የራሷ አላት። በየካቲት፣ ዝናብ ባባራ ሰዓት፣
እሱ በወጣትነቱ ያነጠፈው ቁልቁለት አዳለጣት፤
ሰርዲኑ በየፊናው ተበተነ፣ የእጇ አንጓ ቀጭ አለ፤
"ድንጋዬ ነው የሰበራት" ብሎ ስንት ዓመት ዋለ።

ድንጋይህ አይደለም አባዬ። የወር አበባዋ የቆመ ዕለት
አፍራሽ የሚገታው ልጓም ነው የላላበት።
አንጀቷ ከወተቱ ካልሲየሙን ሳያነሳ ሲቀር፣
ኩላሊቷ የፀሐይን ስጦታ ማብሰል ሲያቅተው፣ ሲያጥር፣
አንገቷ ውስጥ ምስር የሚያክሉ አራት ሚዛን ያዦች አሉ፤
"ልብ እንዳይቆም ኖራ ይምጣ" ብለው ከአጥንት ያስበድራሉ።
አበዳሪው ዝም ይላል። አጥንት አቤት አይልም፤
እስኪሰበር ድረስ ዕዳውን አይናገርም።

ጉሮሮውን ጠረገ። "እኛ ዘንድ" አለ፣ "አለቃችን ዞዚሞ
በመጀመሪያው ቀን ነገረኝ፣ ጥላው እስኪጋርደኝ ቆሞ፦
'ከመምሸቱ በፊት የማትመልሰውን አትንቀል፤
ሰው በጨለማ ጉድጓድህ ውስጥ እግሩን እንዳይጥል።'
እነዚህስ አለቃ የላቸውም?"
                    "ብዙ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው" አልኩት፤
"ሆድ፣ ኩላሊት፣ ዕጢ፣ ዘበኛ፣ አንድ ምስኪን ግንበኛ ላይ ሲጮሁበት።"

አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ መርፌው ከፍሪጅ ይወጣል፣
ከቅቤው ጎን፣ ከሎሚው ኋላ፤ ብርዱ እስኪለቅ ይጠበቃል።
እናቴ ትወጋዋለች በዚያ በተጠገነ እጇ፣
ጭኑን ቆንጥጣ፣ እንደ ልጇ።
ጡሩምባው ረገብ ብሏል። ጣቶቹ ግን አልተቃኑም፤
የፈረሰው ፈርሷል፤ ይሄን አልዋሸሁትም።

ትናንት ማታ ወጣን። ከዳቦ ቤቱ ጥግ አንዲት ድንጋይ ተነቅላለች፣
ከጉድጓዷ አንድ ክንድ ርቃ፣ እንደ ወተት ጥርስ ወድቃለች።
መንበርከክ አይችልም። ቆመ፤ ግራና ቀኝ አየ፤
በጫማው ጫፍ እየገፋ፣ እየመለሰ፣ እያቆየ
ከተታት። በተረከዙም መታ መታ አደረጋት።
ትንሽ ተጣማ ገባች። በእግሩ ጫፍ አሸዋ ጨመረላት።